ሰባ ሲገባ ይወጣል

ባሌ አናጢ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ለሰው አልጋ ሲሠራ ኖረ እንጂ እሱ አልጋ ላይ ውሎ አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን ልቡ ደከመ። ልብ ሲደክም ውሃ በሰውነት ላይ ይጠራቀማል አሉን። እግሩ አበጠ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ደረጃ መውጣቱ ቀርቶ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ትንፋሹ ይቆራረጥ ጀመር። ሆስፒታል አስገባነውና አስተኙት።

ሲገባ ሰማንያ ኪሎ ነበር። ወጣቱ ሐኪም አልጋው ራስጌ ቆሞ እንዲህ አለን፦ "ይሄ ሁሉ ሥጋ እንዳይመስላችሁ፤ ውሃ ነው። መድኃኒቱ በሽንት ያስወጣዋል። በየማለዳው እንመዝናቸዋለን፤ ክብደታቸው ሰባ ሲገባ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።"

እኔ ይቺን ነገር በአንድ ጆሮዬ ነው የሰማኋት። ባሌ ግን በሁለቱም ጆሮው ሰምቶ በልቡ ቆለፈባት።

የዚያ ሆስፒታል ደንብ ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ነው። አስታማሚው ካርድ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ካርድ የሌለው በር ላይ ይቀራል። ማታ ማታ ካርዱን የሚይዘው ዋርሳዬ ነው፤ የባሌ ታናሽ ወንድም። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ ባሌ ነው ያሳደገው፣ መጋዝ አያያዝም ያስተማረው። እሱ ያድራል፣ ጠዋት ካርዱን በር ላይ አስረክቦኝ ወደ ሥራ ቤታቸው ይሄዳል፤ ከዚያ እኔ እውላለሁ። ሚዛኑ ታዲያ በማለዳ ነው፣ በሽተኛው ውሃ እንኳ ሳይቀምስ። ስለዚህ ባሌ ሲመዘን አንድም ቀን አላየሁም። ለኔ የሚደርሰኝ ወሬው ነው።

ወሬው ደግሞ ጥሩ ነበር። ሰባ ስምንት ገባ፤ እሰይ አልን። ሰባ ስድስት ገባ፤ እሰይ አልን። ሰባ አራት ሲገባ ሐኪሙ ፊቱ እንደ በራ ልጅ ፈገግ ብሎ መጣና መድኃኒቱን በግማሽ ቀነሰው። "ውሃው በደንብ እየወጣ ነው። ከዚህ በላይ ካደረቅናቸው ኩላሊታቸውን እንጎዳለን" አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያልጣመኝ።

ውሃ ወጣ ከተባለ በሆነ በኩል መውጣት አለበት። ላብ እንዳይባል ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ሽንት እንዳይባል፣ ቀን ቀን ፖፖውን ይዤ ወደ ሽንት ቤት የምመላለሰው እኔ ነኝ፤ ስመላለስ የምይዘው ደግሞ ለአንዲት ድመት የማይበቃ ነው። ካልሲውን ሳወልቅለት ላስቲኩ የነበረበት ቦታ ገደል ሆኖ ይቀራል። አውራ ጣቴን እግሩ ላይ ተጭኜ ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቁጭ ብሎ ያየኛል። መጀመሪያ በሁለት ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው አሁን ትራስ በትራስ ላይ ደርቤለት ቁጭ ብሎ ነው የሚያሸልበው። ታዲያ ይሄ ነው የከሳ ሰው?

ሐኪሙ ሲዞር ጠበቅኩት።

"ዶክተር፣ ውሃው በየት በኩል ነው የሚወጣው?"

"በሽንት ነው፣ እናቴ።"

"እናትዎ ለመሆን ዕድሜዬ ገና ነው። ሽንቱን የምደፋው ግን እኔ ነኝ። እኔ ያላየሁት ሽንት የለም፤ ይሄን ያህል አልወጣም።"

ባሌ ከትራሱ ላይ ቀና አለ። "አንቺ ሴትዮ! የቀረኝ ሽንቴ ነበር፣ እሱንም አደባባይ አውጪልኝ!"

የክፍሉ በሽተኞች ሳቁ። ሐኪሙም ሳቀ። "ሌሊትም ይሸናሉ እኮ። ደግሞ ዓይን ይሳሳታል፣ ሚዛን አይሳሳትም" አለኝ።

"ሚዛኑስ እሺ። ሚዛን የያዘ ሰውስ?"

ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። እኔ ግን ሥጋ ሻጭ አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ ሲያሳርፍ አይቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፈም፤ ዓይኔ ግን ደህና ነው። አንድ ነገር ካልገባኝ ደግሞ አልተኛም፤ እናቴ "ይቺ ልጅ ስትሞትም ለምን እንደሞተች ሳትጠይቅ አትቀበርም" ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሚዛኑን ነው። ኮሪደሩ ጫፍ፣ ከነርሶቹ ጠረጴዛ አጠገብ የቆመ፣ ሰው የሚወጣበት፣ ፊት ለፊቱ እንደ ሰዓት ክብ የሆነ አሮጌ ሚዛን ነው። ሰው ፈዘዝ ባለበት ሰዓት ጫማዬን አውልቄ ወጣሁበት። ጠቋሚው ተንቀጠቀጠና ሰማንያ ስድስት ላይ ቆመ።

"ይሄውና! ውሸታም ነው!" አልኩ ጮክ ብዬ።

ቀጭኗ ነርስ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። "ምን አገኙበት?"

"እኔ ሰማንያ ስድስት እሆናለሁ? ለመሆኑ ዘንድሮ ጠቦት ውጫለሁ?"

"ከመቼ ወዲህ ነው ያልተመዘኑት?"

"ከመጨረሻው ልጄ ወዲህ።"

"ስንተኛ ክፍል ነው?"

"አግብቷል።"

ነርሷ ሳቋን በእጇ ከደነች። መጥታ ጫማዋን አወለቀችና እሷም ወጣችበት። "እኔ ሃምሳ ሁለት ነኝ፤ ሰሞኑን ሌላ ቦታም ተመዝኛለሁ። ይኸው ሃምሳ ሁለት።" ጠቋሚው እንዳለችው ነበር። ሚዛኑ ውሸታም አይደለም ማለት ነው። በዚያን ቀን ሁለት ነገር ዕዳ ይዤ ተመለስኩ፦ የባሌን ጉዳይና የራሴን ሰማንያ ስድስት።

ሚዛኑ ነጻ ሲወጣ ነርሷን ጠረጠርኩ። ያን ሁሉ በሽተኛ በማለዳ ብቻዋን ነው የምትመዝነው። ደክሟት በዓይኗ እየገመተች ቢሆንስ? ትናንት ሰባ ስድስት ከነበረ ዛሬ ሰባ አራት ማለት ምን ይከብዳል? ወይስ አልጋው ለሌላ ሰው ተፈልጎ ነው? ቀኑን ሙሉ በዓይኔ ስከተላት ዋልኩ። መርፌ ስትወጋ አየኋት፤ ሁለት ጊዜ ስሙን ጠይቃ ነው የምትወጋው። መድኃኒት ስታድል አየኋት፤ እስኪውጡ ቆማ ነው የምታየው። እንዲህ ያለች ሰው ገምታ ትጽፋለች? ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ተያት" ይላል፣ ግማሹ "ሰው ሲያዩት ሌላ ነው" ይላል።

ከዚያ ጥርጣሬዬ ወደማልወደው ቦታ ሄደ። ወደ ቤቴ።

ዋርሳዬ ጠዋት በር ላይ ካርዱን ሲያስረክበኝ ያመጣውን ቁጥር መሬት መሬት እያየ ነው የሚነግረኝ። "እትዬ፣ ሰባ ሁለት ገባ" ይላል፣ ዓይኑ ግን ጫማው ላይ ነው። የምሥራች የያዘ ሰው እንዲህ ይላል? ሸሚዙ በዚያ ብርድ ብብቱ ሥር ርሶ ይገኛል። ትከሻውን ያሻል። ተኝቶ ያደረ ሰው ነው ወይስ ድንጋይ ሲያነሳ ያደረ?

"ምን ሆነህ ነው ትከሻህን የምታሸው?"

"አይ፣ አግዳሚው ላይ ተኝቼ ነው።"

"እንግዲያው ዛሬ እኔ ልደር።"

"አይሆንም እትዬ!" አለ ፈጠን ብሎ። "አንቺ ጀርባሽን ያምሻል።"

"ጀርባዬ ከመቼ ወዲህ ነው አንተን ያሳሰበህ?"

"እንዴ፣ ዘመድ አይደለሁም?"

ዘመድማ ነው። ችግሩስ እሱ አይደል። ባሌ ከተኛ ወዲህ ሥራ ቤቱን የያዘው እሱ ብቻ ነው። ደንበኛ የሚያናግረው እሱ፣ እንጨት የሚመርጠው እሱ፣ ቁልፉም እሱ ጋ ነው። ሰይጣን ጆሮዬ ሥር ቁጭ አለና፣ "ወንድምዬው ሳይድን ቤቱ ቢገባ ማን ነው የሚጠቀመው?" አለኝ። እፍ ብዬ አባረርኩት፤ ተመልሶ መጣ። ያሳደገውን ወንድሙን? እያልኩ እከራከራለሁ፤ ስንቱ ነው ያሳደገውን የነከሰ ይለኛል።

ሰባ አንድ በገባ ቀን ሐኪሙ፣ "ነገ ሰባ ከገቡ እንሸኛቸዋለን" አለ። ባሌ ሙሽራ መሰለ። "ልብሴን አምጪ፣ ጫማዬን አምጪ" ብሎ ያዘኝ። ጫማውን አመጣሁ። አልገባም አለው። በመዳፌ ተረከዙን ብገፋ፣ ክሩን ፈትቼ ምላሱን እስከ ጫፉ ብከፍተው አልገባም አለ። እግሩ ከጫማው አፍ ላይ እንደ ሊጥ ፈሰሰ።

"ጫማው ጠቦ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ሲከርም ይጠባል" አለኝ።

"ዘጠኝ ኪሎ የቀነሰ ሰው ጫማ ይጠበዋል?"

"አንቺ መርማሪ፣ እግሬን ተይው! ነገ በነጠላ ጫማ እወጣለሁ።"

ይሄን ሲል ትንፋሹ በየቃሉ መሐል ይቆም ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። ከንፈሩ ጥቁር ብሏል። ነገ ይሄን ሰው ቤት ይዤ ብገባ፣ መርፌ የሚወጋ የለ፣ ኦክስጅን የለ፣ ውሃው ወደ ሳንባው ቢወጣ በሁለት እጄ ልጨምቀው ነው? ማንም ሳያውቅ እንዲሰምጥብኝ ነው የሚሰጡኝ አልኩ፣ የሆዴን በሆዴ ይዤ።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በሩ ላይ ተገተርኩ። ጥበቃው ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ተቀምጧል።

"ካርድ አለዎት?"

"ካርዱ ውስጥ ነው።"

"ታዲያ እርስዎ ለምን ውጭ ሆኑ?"

"እሱን ልጠይቅ ነው የምገባው።"

"ሰዓቱ አልደረሰም፣ እመቤቴ።"

"አንተ ላይ አልደረሰም። እኔ ላይ ደርሶ አልፏል። ወይ አስገባኝ፣ ወይ እዚህ ቆሜ እስከ ረፋድ አወራሃለሁ።"

ትንሽ አየኝ። ማውራት እንደምችል ፊቴ ላይ ሳይታየው አልቀረም። "ከእርስዎ ጋር ከመጨቃጨቅ በሩን መክፈት ይቀላል" ብሎ ከፈተልኝ።

ኮሪደሩ ላይ በሽተኞች ከነአስታማሚዎቻቸው ተሰልፈዋል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። ባሌ ተራው ደረሰ። ዋርሳዬ ከኋላው ሆኖ ሁለት እጁን በብብቱ ሥር አስገብቶ እየደገፈው ሚዛኑ ላይ አወጣው። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው፤ የደከመ ሰው ይደገፋል። ከሱ በፊት የወጡትንም ሚስትም ልጅም ደግፏቸው ነበር፤ ሰው ዘመዱ ሲንገዳገድ እያየ እጁን ኪሱ አይከትም። ነርሷ ዓይኗ የሚዛኑ ክብ ፊት ላይ ነው፤ በአንድ እጇ ወረቀት፣ በሌላው ቀጣዩን በሽተኛ ይዛለች።

ባሌ ግን ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "ጨምር" አለ።

ዋርሳዬ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ፣ ከዚያ ቀና አለ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። የባሌ ተረከዝ ከሚዛኑ ላይ ብድግ አለች። ቁም ሣጥን ሲያነሱ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

"ትንሽ። በቃ።"

"ሰባ!" አለች ነርሷ። "እንኳን ደስ አለዎት፣ አባቴ!"

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። "ሲስተር፣ ገና ነው ደስታው። አንተ! ወንድምህን እየመዘንከው ነው ወይስ እየተሸከምከው?"

ዋርሳዬ ደንግጦ ለቀቀው። ጠቋሚው ባንዴ ሽቅብ በረረ፤ ባሌ ግን እግሩ ከዳውና የሚዛኑን ምሰሶ ይዞ ተንጠለጠለ፣ ጠቋሚው ደግሞ ቁልቁል ወረደ። ነርሷ ወረቀቷን ጥላ ያዘችው። ሦስት ሆነን ወንበር ላይ አስቀመጥነው።

"ምንድን ነው የሚሆነው?" አለች ነርሷ።

"እሱን እነሱ ይንገሩሽ። እኔ ያየሁት ተረከዙ አየር ላይ መሆኗን ነው።"

ዋርሳዬ አንገቱን ደፋ። ባሌ ግን አይደፋም። "ደገፈኝ፤ ምን ጥፋት አለው? ሁሉም ይደገፋል።"

ነርሷ ሁለቱንም አየቻቸው፣ ከዚያ በሚዛኑ ዙሪያ የቆሙትን አስታማሚዎች ሁሉ አየች። ፊቷ ተለወጠ። አልተቆጣችም። "እኔ እኮ ቁጥሩን ነው የማየው፤ እጁን አላየሁም" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ ዋርሳዬ ዞረች። "ወንድምህን ማዘል ትችላለህ?"

"እችላለሁ።"

"እዘላቸውና ሚዛኑ ላይ ውጣ። ከዚያ ብቻህን ትወጣለህ። የአንተን እንቀንሳለን፤ የቀረው የሳቸው ነው።"

"እኔ ሕፃን ነኝ የምታዘል?" አለ ባሌ።

"ሕፃን ካልሆንክ አታታልላ!" አልኩት። "ውጣ ጀርባው ላይ!"

ወጣ። ወጣ ስላችሁ እኔና ነርሷ አንስተን ነው የጫንነው። ዋርሳዬ ጎንበስ ብሎ አዘለው። ባሌ እግሮቹ ተንጠልጥለው፣ አገጩ የወንድሙ ትከሻ ላይ አርፎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጠቋሚው አንድ መቶ ሃምሳ ስምንት ላይ ቆመ። ባሌን አወረድነው። ዋርሳዬ ብቻውን ወጣ፤ ሰባ አምስት። ነርሷ በከንፈሯ ቀነሰች። እኔም በጣቴ ቀነስኩ፤ ጣቴ አልበቃኝም። ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ይቀንስ ነበር መሰለኝ።

"ሰማንያ ሦስት" አለች።

ሲገባ ሰማንያ ነበር። አንድ ኪሎ እንኳ አለመውጣቱ ሳያንስ ሦስት ገብቷል። መድኃኒቱ በግማሽ ከተቀነሰ ወዲህ ነው የገባው። በየቀኑ ሲከብድ ታናሽየው በየቀኑ ከፍ ያደርገዋል፤ እኛ ደግሞ እሰይ እንላለን።

ነርሷ እየሮጠች ሐኪሙን ልትጠራ ሄደች። እኔ ዋርሳዬ ፊት ቆምኩ።

"ልትገድለው ነበር? ንገረኝ። ለሥራ ቤቱ ብለህ ነው?"

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ነገር ይህን ሳወራም አይመቸኝም። "እትዬ፣ እንዲህ ነው የምታስቢኝ? እኔ መች ፈለግኩ? 'ደግፈኝ' አለኝ፣ ደገፍኩት። 'ጨምር' አለኝ፣ ጨመርኩ። ይሄ እኔን በጀርባው አዝሎ ያሳደገ ሰው ነው፤ እምቢ በምን አፌ ልበለው? በየማታው 'ተው ይቅርብን' ስለው፣ 'ቃሌን ካፈረስክ ወንድሜ አይደለህም' ይለኛል።"

"አዎ ጠርጥሬሃለሁ" አልኩት። "እንደገናም ቢሆን እጠረጥርሃለሁ። ሰው መሬት እያየ 'ዳነ' ሲለኝ አላምንም።"

"እሱን ተይው" አለ ባሌ ከወንበሩ። "እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ያ በመስኮቱ በኩል የነበረው ሰውዬ የት ሄደ? ፊቱን ሸፍነው ነው ያወጡት። ከሱ ቀጥሎ ያለው አልጋ የኔ ነው። 'ሰባ ሲገባ ይወጣል' አላችሁ፤ እኔም አስገባሁት!"

"ቁጥሩን ነው ያስገባኸው፤ ውሃው እዚያው ነው ያለው።"

"ቤቴ ልሙት።"

"እኔንስ ጠይቀሃል? ቤቱ ያንተ ብቻ ነው? ስትሰምጥ ቆሜ የማይህ እኔ ነኝ።"

ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ዋለ።

ሐኪሙ መጣ። እግሩን በጣቱ ተጫነ፣ ደረቱን አዳመጠ፣ እንደገና አዳመጠ። ሳቅ የለም፣ "እናቴ"ም የለም። መድኃኒቱን ወደ መርፌ ለወጠው፣ በእጥፍም አደረገው፣ ኦክስጅን አስገጠመለት። ከኩላሊት ክፍል ተቀምጠው የሚመዘኑበት ባለ ወንበር ሚዛን ተገፍቶ መጣ። "ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይደግፍም፣ ሁሉም በዚህ ነው" አለ። ሲወጣ እኔ ጋ ቆም ብሎ፣ "ያን ቀን እግራቸውን ማየት ነበረብኝ" አለኝ። እኔም "አዎ" አልኩት። ምን ልበለው?

ዋርሳዬ ካርዱን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና ሳይሰናበተኝ ሄደ። ያስቀየምኩት ሰው ነው፤ ይመለሳል ብዬ ተውኩት። ማታ የወንድሙን ምላጭና ሳሙና ልኮ፣ "ለእትዬ ካርዱ ይቆይላት" የሚል መልእክት አስከተለ። ይሄ ሰላም ይሁን ኩርፊያ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

በማግሥቱ ማለዳ ባሌን ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። እጁን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው መሰለ። ነርሷ ቁጥሩን ልታነብ ስትል፣ "ቆይ ሲስተር" አልኳት። ተንበረከክኩና ከወንበሩ ሥር አየሁ። የግራ እግሩ አውራ ጣት፣ ያቺ ያበጠች ጣት፣ ቀስ ብላ ወርዳ ወለሉን ገፋ አድርጋለች።

"አንተ ሰውዬ! እግርህን አንሳ!"

"ሳላውቅ ነው።"

"ጣትህም ሳታውቅ ነው የምትሰርቀው?" እግሩን አንስቼ ማሳረፊያው ላይ አስቀመጥኩ፣ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶች በእጄ ልይዝ ስል ነርሷ፣ "እርስዎም አይንኩ!" ብላ ጮኸችብኝ። እጄን አነሳሁ።

"ሰማንያ አንድ" አለች።

ሁለት ኪሎ ወርዷል። በአንድ ቀን፣ ማንም ሳያነሳው። ባሌ ትናንት ከነበረው ሰባ ወደ ዛሬው ሰማንያ አንድ በሐሳቡ ሲቆጥር ፊቱ ላይ አየሁት፤ ቤቱ ስንት ቀን እንደራቀበት።

"ገና ብዙ ነው" አለ።

"ብዙ ነው።"

"አሁንስ አመንሽ፣ መርማሪዋ?"

"ነገም አያለሁ" አልኩትና ነርሷን ደግማ እንድትመዝነው ጠየቅኳት።